መጀመሪያ ራሱ ይሳፈራል

አጎቴ የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ባልደረቦቹ «ላይ ታች» ይሉታል። የጠገነውን ሊፍት ማንም ሳይገባበት መጀመሪያ ራሱ ይሳፈርበታል። ሚስት ያላገባውም ሞክሮ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ ነው እያልን እንስቅበታለን።

ከሥራ መልስ ደግሞ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ አለው። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች፣ ፋብሪካ የረሳቸው ስልኮችና ታብሌቶች እንደገና እንዲያገለግሉ ብለው የሚሠሩት ሶፍትዌር አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል። እያንዳንዱ ሞዴል ተጠሪ አለው፤ የአንድ አሮጌ ታብሌት ተጠሪ አጎቴ ነው። እዚያም ሕጉ ያው ነው፤ አዲስ የሶፍትዌር እትም በእጁ ባለው ታብሌት ላይ ሳይሞክር ለሰው አይለቅም።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። ስትሮክ ቀኝ እጇንና ንግግሯን ከወሰደባት ወዲህ የምትናገረው በዚያው ዓይነት ታብሌት ነው። በግራ እጇ ጣት ትጽፋለች፣ ታብሌቱ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ሌላ ዓይነት ሰጥተናት ነበር፤ ጣቷ እየሳተባት አልቅሳ መለሰችው። ይኼኛው ሞዴል ደግሞ መሠራት ካቆመ ቆይቷል።

ጣጣው የመጣው አጎቴ ባለፈው ከለቀቀው እትም ነው። በደንብ ሞክሮታል። ግን ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ ባትሪው ሲሞላ ወዲያው ይነቅላል፤ ሌላው ሰው ሰክቶ ይረሳል። በአዲሱ እትም ታብሌቱ ከሞላም በኋላ መሙላቱን አያቆምም፤ ይግላል። ቅሬታው ሲመጣ አጎቴ የራሱን ሰክቶ ተወው፤ ባትሪው አብጦ ታብሌቱ ሞተ። እትሙን ከገጹ አነሳና ማስተካከያ ሠራ። ቀድመው የጫኑት ሰዎች ግን እየጠበቁ ነው፣ ማስተካከያው የሚሞከርበት ታብሌት ደግሞ የለም። ከእናቴ ታብሌት በቀር።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ፤ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

«እትዬ፣ ባንቺው ልሞክረው?»

«አትፈልግም» አልኩ እኔ። ታብሌቱን ከጭኗ ላይ አንስቼ በብብቴ ሸጎጥኩት።

«የጠየቅኩት እሷን ነው።»

«ያንተን ገደልከው፣ አሁን የሷ ተራ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ቢሞትስ በምን ልትናገር ነው? በሊፍት ቁልፍ?»

«ሊሞት ይችላል» አለ። «የነካሁት ባትሪ የሚሞላበትን ክፍል ነው። ከተበላሸ ላይነሳ ይችላል።»

ዋሽቶ እንኳ አያባብልም፤ በዚህ ነው የሚያናድደኝ። እናቴ እጅጌዬን ጎተተች። «ቆይ እማዬ፣ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት።

አጎቴ ስልኩን አውጥቶ አነበበ። «አንድ አባት የጻፈልኝ ነው። ‹ልጄ የምትናገረው በዚህ ታብሌት ነው። እየጋለ ሲያስቸግር እንዳይፈነዳባት ፈርቼ ወሰድኩባት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዝም ብሏል› ይላል።»

እናቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ደግማ መታችው፤ ብርጭቆው ወድቆ ተንከባለለ። ታብሌቱን እስክመልስላት አላቆመችም። ከዚያ በአንድ ጣቷ ጻፈች፤ ታብሌቱም በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ አነበበው። «ጫንበት።»

አጎቴ እንዳይጠፋባት እስከዚያ የጻፈቻቸውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠና ማስተካከያውን ጫነ። ስክሪኑ ጠቆረ። የመነሻው ምልክት መጥቶ መሽከርከር ጀመረ፤ ተሽከረከረ፣ አሁንም ተሽከረከረ። አጎቴን ልጠይቀው ብዬ ፊቱን ሳይ ተውኩት፤ ላቡ አገጩ ላይ ደርሷል። የእናቴ ጣት ጭኗ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የሚጻፍበት ያለ ይመስል። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት አጎቴን ጠላሁት።

ታብሌቱ ተነሳ።

«ገና ነው» አለ አጎቴ። ሰካው። ባትሪው ሞላ፤ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ገመዱ ሄደና መልሶ ሰበሰበው። የታብሌቱን ጀርባ ነካሁት፤ ሞቋል። ልነቅለው ስል እናቴ እጄን ገፍታ የራሷን መዳፍ አኖረችበት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፣ እኛ የሷን ፊት እያየን ጠበቅን። በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች፤ መዳፌን ስባ ጀርባው ላይ አስቀመጠችው። እየበረደ ነበር።

አጎቴ ማስተካከያውን ለቀቀ፤ ጃኬቱን ያን ጊዜ ነው ያወለቀው።

በማግስቱ አጎቴ ከስልኩ እያነበበ ገባ። «ያ አባት መልሷል። ‹ጭኜ ሰጠኋት፤ አሁን አይግልም። መጀመሪያ የጻፈችልኝ ግን ምስጋና አይደለም፤ ለምን ወሰድክብኝ ነው ያለችኝ› ይላል።»

እናቴ በሚታዘዝላት ግማሽ ፊቷ ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ትናንት በብብቴ የሸጎጥኩት ታብሌት ጭኗ ላይ ነበር፤ ምንም አልጻፈችም።