ወልደዮሐንስና አንገቱ የተቀየረው ቤዝ

ወልደዮሐንስ ቤዝ ጊታሩ የተሰበረ ዕለት ደስ ብሎት እንደነበር ያመነልኝ ከወራት በኋላ ነው። ያመነውም በግማሽ ነው። «ደስታ እንኳ አይደለም ጋሼ፤ እፎይታ ነው» አለኝ። ቃሉ ራሱ አሳፈረውና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ጎረቤቴ ነው። ዲላ፣ የእሱ ግቢና የእኔ ግቢ አንድ አጥር ይጋራሉ። በቡና ወቅት ከዲላ በላይ፣ ኮንጋ ይከርማል፤ የእሸት ቡና መፈልፈያውን ማሽን የሚያስነሳውም የሚጠግነውም እሱ ነው። ማሽኑ ሥራ የሚጀምረው ገበሬው የለቀመውን ካስረከበ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ስለሆነ እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጭቃም ይሁን አቧራ በሞተር ወደ ዲላ ይወርዳል፤ ለመዘምራን ልምምድ። እሁድ ጠዋት ያገለግላል፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። እንዲህ ሲመላለስ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ሲጀምር ቤዝ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ዘማሪ ሞልቷል፣ ኪቦርድ መማር የሚፈልግ ሞልቷል፤ ከኋላ ቆሞ ማንም ልብ የማይለውን ድምፅ የሚያወጣ ግን አይገኝም።

ባለፈው ክረምት ከጨለለቅቱ፣ ከመንፈሳዊ ጉባኤ ሲመለስ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። የእሱ ክርን ተላጠ፤ ከጀርባው ያሰረው ቤዝ ግን አንገቱ ሥር ተሰነጠቀ። የዚያ ቤዝ አሠራር ከብዙዎቹ ይለያል። አንገቱ ለብቻው ተሠርቶ ገላው ላይ የተገጠመ አይደለም። አንድ ረጅም እንጨት ከራስጌ እስከ ግርጌ ያልፍና ግራና ቀኙ ላይ ክንፍ የመሰለ እንጨት ይለጠፍበታል፤ ያ ነው ገላው። እንዲህ ሲሠራ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም ይላሉ። ስብራቱም ቶሎ አይጠፋም። ሁለት ጊዜ በኮላ ተጣበቀ፤ ክሩ ሲወጠር ሁለቱንም ጊዜ አፉን ከፈተ።

ነገሩን አብዝቼ አሰብኩበት፤ በዚህ ዕድሜ ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። ከአንድ እንጨት የተሠራ ነገር ሞቱም አንድ ነው። ሲሰበር ያበቃል፤ ለምን አበቃህ የሚለው የለም። ወልደዮሐንስ የጠበቀው ይህንን ሞት ነበር። እሱ ባደገበት ጉባኤ «ደክሞኛል» ብሎ ከአገልግሎት የወጣ ሰው አይታወቅም። አጥፍቶ የታገደ አለ፣ አገር የለቀቀ አለ፣ የሞተ አለ። የደከመ የለም። ዕቃው ከተሰበረ ግን ማን ምን ይለዋል?

ሚስቱ እሌኒ ይህ ገብቷታል። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች በአጥሩ ላይ፣ «እንኳን ተሰበረ!» አለችኝ። «ባል እንዳለኝ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ሲያንኮራፋ ሰምቼ ማን ገባብኝ ብዬ ደነገጥኩ እኮ።»

የመዘምራኑ መሪ በዛብህ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ደግ ሰው ነው። ጠይቆ አስጠይቆ፣ ገላው የጠፋ የአሮጌ ቤዝ አንገት ከሐዋሳ አስመጣና ለአናጢው ለኡስማን ወስዶ ሰጠ። ኡስማን የአልጋና የቁም ሣጥን ሠሪ ነው። ጊታር ነክቶ አያውቅም፤ እንጨት ያው እንጨት ነው ብሎ ተቀበለ። የተሰነጠቀውን አንገት ከገላው ጫፍ ላይ በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። በቀረው ገላ ላይ በመሮ ማስገቢያ ፈለፈለ። አዲሱን አንገት እዚያ አግብቶ ከጀርባ በቡሎን ሊያስረው ነው።

ቡሎኑ የሚበሳ ዕለት ወልደዮሐንስ ተጠራ። እኔም የተወላገደ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ላስጠግን እዚያው ነበርኩ።

«ና ወልዴ፣ ሙሽራህን እያት!» አለ ኡስማን። «ከእንግዲህ አንገቷ ቢሰበር ቡሎኑን ትፈታለህ፣ ሌላ ታስራለህ። እኔና አንተ አፈር ሆነን እሷ ትኖራለች።»

«አሜን!» አለ በዛብህ።

ወልደዮሐንስ ቤዙ ላይ ጎንበስ አለ። አንገቱ ገና በሞርሳ ብቻ ነው የተያዘው፤ ለሙከራ ሁለት ክር ተወጥሮበታል። ክሩን እንዲሁ መታው። ቀጥሎ አንገቱ ላይ የክሩ እኩሌታ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ ተጭኖ መታው። ያው ድምፅ ቀጥኖ መምጣት ነበረበት። ትንሽ ወርዶ መጣ። ደገመው፤ አሁንም ወረደ።

«እንዴት ነው?» አለ በዛብህ። ለበዛብህ ቤዝ ማለት ድም ድም ነው፤ ደረቱ ላይ ከተሰማው በቃው።

ወልደዮሐንስ ጣቱን ከክሩ ላይ አነሳ። ምን እንደያዘው ኋላ ነው የነገረኝ። ማስገቢያው አጥሮ አንገቱ የትንሿን ጣት ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ቀርቷል። እንዲህ እንዳለ ከታሰረ ቤዙ ዕድሜውን ሙሉ ይዋሻል፤ ጣት በተጫነው ቁጥር ከመዝሙሩ ይወርዳል። ጥቂት እሁድ ይሞከርና «አልሆነም» ተብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጥፋቱም የማንም አይሆንም። ከእሱ የሚጠበቀው አፉን መዝጋት ብቻ ነው።

ኡስማን ድሪሉን አነሳ። «ልብሳ?»

ወልደዮሐንስ መሬቱ ላይ የተከመረውን ፍቅፋቂ ያያል።

«ወልዴ፣ ልብሳ ወይ?»

«ቆይ!» አለ፤ እንደተቆጣ ሰው። «ወደ ገላው ይግባ። ትንሽ ይግባ።»

«ሜትሬ ልክ ነው ይላል።»

«ሜትርህ የሚያውቀው አልጋ ነው።»

«ከአልጋዬ የወደቀ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» አለ ኡስማን። እያጉረመረመ መሮውን አነሳ።

ጥቂት ይፈለፍላል፣ አንገቱን ያስገባል፣ ወልደዮሐንስ ይመታል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እንደገና። ኡስማን ሁለቴ ተሳደበ፣ አንዴ ጣቱን አቆሰለ። በመጨረሻ ሁለቱ ድምፆች ገጠሙ። ቡሎኑ ተበሳ፣ ጠበቀ፤ የቀሩት ክሮች ተወጠሩ። ወልደዮሐንስ ለአፍታ ተጫወተ። በዛብህ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«እንግዲህ ቅዳሜ እንገናኝ» አለው ወልደዮሐንስ ሲጨርስ።

«ወንድም በዛብህ፣ ቅዳሜ አልመጣም።»

«ወቅት ነው፣ ይገባኛል። ለሚቀጥለው...»

«ለሚቀጥለውም አልመጣም። ደክሞኛል።»

«ቤዙ እኮ ድኗል!»

«ቤዙማ ድኗል። የደከመኝ እኔ ነኝ።»

በዛብህ አየው፣ አየው። «እንጸልይበት» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው።

«ጸልዩበት» አለና ቤዙን በሁለት እጁ አስረከበው።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ዝም ብትል ኖሮ ያለ ንግግር ትገላገል ነበር» አልኩት።

«ድምፁ አስጠላኝ፣ ጋሼ» አለ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ልፈልግለት ሞክሬ ነበር፤ ሰው ሐሰትን ለምን ይጠላል እያልኩ እስከ አጥራችን ድረስ በልቤ ስከራከር ሄድኩ። ሌላ አላገኘሁም።

እሁድ ከእሌኒ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መዝሙሩ ያለ ቤዝ ተዘመረ። ሲወጡ ሰው ሁሉ እጁን እየያዘ «አሞህ ነው?» ይለዋል።

«አይ፣ ደክሞኝ ነው።»

«አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይማርህ!»

መጀመሪያ ላይ ሊያስረዳ ሞከረ። ኋላ ተወው፤ «ይማረን» እያለ በመካከላቸው አለፈ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኮንጋ ወጣ። እሸት ቡና አድሮ አይጠብቅም።