ራስ ምታቴና የእናቴ እጅ

ሞጣ ሳስተምር ግማሽ ራሴን የሚወቅረኝ ያ ክፉ ሕመም እምብዛም አይነሳብኝም። ቢቸና እናቴ ቤት በገባሁ በማግሥቱ ግን ዓይኔ ብርሃን ይጠላል፣ ያስመልሰኛል፣ የሰው ድምፅ ያስጠላኛል። ጎረቤቶች፣ ስለ ሁሉም ነገር መልስ አያጡምና፣ የሰው ዓይን ነው አሉ። እናቴም ጠበል ወሰደችኝ። የሚጠመቁት ምንም ሳይቀምሱ ስለሆነ እስከ ቀትር ጾሜን ቆይቼ ብሶብኝ ተመለስኩ።

እሷ ራሷ የምታምነው መድኃኒት ሌላ ነበር። ሕመሙ እንዳይነሳብኝ ገና ከመንገድ እንደገባሁ ለጋ ቅቤ በአደስ አሽታ፣ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ጠጉሬን እየከፈለች ግንባሬ ላይ እስኪወርድ ትቀባኛለች። ካደግሁ ወዲህ እንደ ልጅነቴ የምታቅፈኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ሞጣ ያገኘኋት ነርስ በሽታው ማይግሬን እንደሚባል ነገረችኝ። "አንዳንዴ በዘር ይመጣል፤ የሚቀሰቅሰው ግን ብዙ ነው" አለች። ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ጭንቀት፣ የሚሰነፍጥ ሽታ። ሽታ ስትል አደሱ ትዝ አለኝ። ምነው ሌላ በሆነ አልኩ።

ለእናቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ከረምኩ። በመጨረሻ፣ "አንቺ አይደለሽም እማዬ፣ የአደሱ ሽታ ነው" አልኳት።

"እጄ አልተስማማሽም በይኛ" አለች። ብምል ብገዘት አልሰማችኝም። እናቴ አንዴ የያዘችውን የምትለቅ ሰው አይደለችም።

በሚቀጥለው ስሄድ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቅቤ ተለይቶት የማያውቅ ጠጉሯ በሳሙና ታጥቦ ደርቋል። ልስማት ስጠጋ ወደ ኋላ አለች። "አትቅረቢኝ፣ ነጠላዬ ሳይሸት አይቀርም።"

ልስቅባት ነበር፣ እንባዬ ቀደመኝ።

በማግሥቱ ራስ ምታቴ ተነሳብኝ። ስመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ፀሐይ ሲመታኝ ነው የዋልኩት፣ መንገድ ላይ እህል አልቀመስኩም፣ ሌሊቱንም ስለ እሷ ሳስብ አልተኛሁም። ይህን ሁሉ ልነግራት ፈለግሁ፤ ሕመሙ ሲጠናብኝ ግን አፌ አይታዘዘኝም። እናቴ መስኮቱን በጋቢ ጋረደችልኝ። እጇን ወደ ግንባሬ ዘርግታ፣ ሳትነካኝ መለሰችው። ከዚያ ራቅ ብላ በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ቀስ ብላ፣ "አሁንስ ምን አደረግሁሽ ልጄ?" አለችኝ።