የአሊዩ አምባ አዲስ ሞተር

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ለአሊዩ አምባ ገበሬ ማኅበር ወፍጮ አዲስ ሞተር ተመረቀ። ዜናውን እንድሠራ ከደብረ ብርሃን የተላክኩት እኔ ነበርኩ።

ምርቃቱን የሚመራው የወረዳው ካድሬ አሮጌው ሞተር ተነቅሎ አዲሱ በቦታው እንዲተከል አዘዘ። ወፍጮውን የሚያሠሩት ወይዘሮ ዘሀራ አሻፈረኝ አሉ።

«አዲሱን ጎኑ ትከሉት። ድንጋዩን የሚያዞረውን ቺንጋ ከአሮጌው አውልቄ አዲሱ ላይ አጠልቀዋለሁ። ከድንጋዩ ጋር ካልተስማማ መልሼ በአሮጌው እፈጫለሁ።»

«ጓድ ዘሀራ፣ አብዮቱን ትጠራጠሪያለሽ?»

«እኔ የምጠራጠረው ዛሬ የመጣውን ሞተር ነው። ይህ ወፍጮ ከቆመ እነዚህ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው አንኮበር ድረስ ዳገት ሊወጡ ነው። አንተ ትሸከምላቸዋለህ?»

እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ያኔ እንዲህ በመናገር ሰው ይታሰር ነበር። የካድሬው ፊት ጠቆረ፤ እኔም ካሜራዬን ወዴት እንደማዞር ቸገረኝ። ወይዘሮ ዘሀራ ሄደው አሮጌው ሞተር ላይ ተቀመጡ።

«ባለ ካሜራ፣ በል አንሳኝ! ወላሂ፣ ከዚህ የምነሳው ከነሞተሩ ነው።»

የክብር እንግዶቹ ሊደርሱ ስለነበር ካድሬው ተሸነፈ። አዲሱ ጎኑ ተተከለ፤ አሮጌው በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ። አዲሱ ሞተር አሳምሮ ፈጨ፤ እኔም ይህንኑ ጻፍኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ለሌላ ወፍጮ ምርቃት ጣርማ በር ተላክኩ። የሚመረቀውን ሞተር ያመጣው ሹፌር፣ ከአሊዩ አምባ ጭኖት እንደመጣና በማግስቱ ወደ ሌላ ወረዳ እንደሚወስደው ነገረኝ። የጣርማ በር አሮጌ ሞተር ግን ተነቅሎ ደጅ ተጥሎ ነበር።