ስንጥቁ ከመንደሩ በላይ ነበር

ሰኞ፣ ንጋት፣ ዩልስታ

ከቤት ስንወጣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ስቶክሆልም ዳር ያለችው ዩልስታ የሰማያዊው መስመር መጨረሻ ስለሆነች የምድር ባቡሩ፣ ቱነልባናው፣ ባዶውን ቆሞ ይጠብቃል፤ የፈለጉት ወንበር ላይ መቀመጥ ይቻላል። ባለቤቴ ጽጌ ነርስ ናት፤ ወደ ሥራዋ ስለምትሄድ እስከ መሐል ከተማ አብረን ነን። ሻንጣዬን በጉልበቷ ደግፋ ይዛለች። ውስጡ በርበሬ፣ ሽሮና እሷ የሠራችው የሕፃን ሹራብ አለ።

“ለምን እንዲህ በጥድፊያ እንደምትሄድ ግን አልነገርከኝም” አለችኝ።

“የልጅ ልጄን ልይ እንጂ።”

ውሸት አይደለም። ሙሉው እውነት ግን አልነበረም።

ልጃችን ሳራ ለጥናት ብላ ኢንዶኔዥያ ሄዳ፣ ጃቫ ደሴት ላይ፣ አንድ ተራራማ የገበሬ መንደር ውስጥ አግብታ ቀረች። የባሏ ስም አሪፍ ነው። መጀመሪያ ስትነግረን “አሪፍ መሆኑንስ እሺ፣ ስሙ ማነው?” ብያት ነበር። ሙስሊም መሆኑን ስንሰማ ግን ሳቁ ቀረ። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። ጽጌ አኮረፈች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ሰርጉ ያለ እኛ ተደረገ። አሁን ሊያ የምትባል የስምንት ወር ልጅ አላቸው፤ የምናውቃት በስልክ ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በቪዲዮ ስናወራ ሳራ “የጓሮው በር አልዘጋ ብሏል፣ አሪፍ ሊልገው ነው” ብላ ስልኩን ወደዚያ አዞረች። መቃኑ ተንጋድዷል። በበሩ በኩል የመብራት እንጨቱና ከጀርባው ያለው ቀርከሃ ይታያሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ስዊድን ውስጥ ለመንገድ ሥራ አፈር ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በር አልዘጋ ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የበሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለጽጌ አልነገርኳትም። ትኬት ቆረጥኩ።

ስንለያይ “ጌታ ይጠብቅህ” አለችኝ። አሜን ስል ድምፄ አላማረኝም።

ማክሰኞ፣ ከሰማራንግ ወደ ላይ

ሦስት አውሮፕላን ቀይሬ ጃቫ ላይ፣ ሰማራንግ ከተማ ወረድኩ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሳራ የላከችው ሾፌር ስሜን ካርቶን ላይ ጽፎ ይዟል። ጢሙን የላጨ፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ጥቂት ቢሆንም ይበቃናል።

ከከተማው ስንወጣ የሩዝ ማሳ፣ ከፍ ስንል ትምባሆ፣ ከዚያም ጥቅል ጎመን። ሞተር ብስክሌት ላይ የተጫነ የሣር ክምር ያልፈናል፤ ነጂው አይታይም። ዝናቡ ካፊያ ሆኖ ጀምሮ ወዲያው መስተዋቱን የሚደበድብ ሆነ።

“ስንት ቀን ሆነው?” አልኩት።

“በየቀኑ ነው ጌታዬ። ወቅቱ ነው። ዘንድሮ ግን በዛ።”

አንድ መታጠፊያ ላይ ጭቃ መንገዱን ዘግቶት ቆምን። ሰዎች በአካፋ ይጠርጋሉ፤ አንዲት ሴት እዚያው ዣንጥላ ሥር የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቂጣ ከቃሪያ ጋር ትሸጣለች። ሾፌሩ ገዝቶ አቀበለኝ። ሁለቴ ሳልጎርስ ሞተሩን አስነስቶ መኪናውን ወደ ኋላ መለሰው።

“እዚህ መቆም አልወድም” አለ፤ ዓይኑ ከበላያችን ካለው ገደል ላይ ነው። እኔም ቀድሜው እያየሁት ነበር። ቂጣውን መልሼ ጠቀለልኩት።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ ካሊዱውር

መንደሩ ስሙ ካሊዱውር ነው፤ የላይኛው ወንዝ ማለት ነው አሉኝ። ተዳፋት ላይ እንደ ደረጃ የተደረደሩ ቤቶች፣ ቀይ የሸክላ ክዳን፣ መሐሉ ላይ ትንሽ መስጊድ፣ ከታች ትምህርት ቤት። ከቤቶቹ በላይ እስከ ደመናው ድረስ እርከን ነው፤ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን። ወንዶቹ ዘንግ በትከሻቸው አጋድመው በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከእርምጃቸው ጋር ይወዛወዛል። ድሮ ላይኛው ጫካ ነበር። ድንች ዋጋ ሲያወጣ ጫካው ተመነጠረ።

አሪፍ ቀጭን ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ አፈር አለ። ጎንበስ ብሎ እጄን ተቀበለና በግንባሩ ነካው። ሰርጉ ላይ ያልመጣሁት ሰው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን የሚያፍር መሰለ። እናቱ ኢቡ ሱሚ፣ ኢቡ እንደ እኛ “እማማ” ነው፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ አጭር፣ ጠንካራ። ሊያን አንስተው ክንዴ ላይ አስቀመጧት። ልጅቷ መነጽሬን ያዘች። ለተወሰነ ደቂቃ ሁሉን ረሳሁ።

ከዚያ ሳራ ሻይ ልታመጣ ስትሄድ የጓሮውን በር ተመለከትኩ። ተልጓል። ከላይ በኩል ግን እንደገና መቃኑን መንካት ጀምሯል።

ረቡዕ

በጠዋት “አሪፍ፣ ማሳህን አሳየኝ” አልኩት። በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ከድንቹ በላይ፣ በሣር በተሸፈነ ቦታ፣ የፈራሁትን አገኘሁት፤ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። እስከ ክርኔ ገባ። ሥሩን አላገኘሁትም።

“ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከዝናቡ መጀመሪያ። በአፈር ደፍነነው ነበር።”

“ምንጩስ? ውሃው እንዴት ነው?”

ቆም ብሎ አየኝ። “ሰሞኑን ደፍርሷል። ከምን እንደሆነ አላወቅንም።”

ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት የቀርከሃ ካስማ ተከልን፤ ስንጥቁ ከሰፋ እንዲበጠስ በመሐሉ ሲባጎ ወጥረን አሰርን። ስንወርድ አሪፍ ከፊቴ ይልቅ ከጎኔ ነበር የሚራመደው።

ሐሙስ

ሲባጎው ተበጥሷል።

ተዳፋቱ ሊናድ እንደሚችል ለሳራ ነገርኳት። ከልጅነቷ ጀምሮ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። አሁንም እንደዚያው።

“ስለዚህ ልታየን አይደለም የመጣኸው፤ ልትመረምረን ነው” አለችኝ። “ሁለት ዓመት ጠብቄህ በመጣህ በሦስተኛው ቀን ቤታችሁን ልቀቁ ትለናለህ። ሰዎቹ ምን ይላሉ?”

“የሚሉትን ይበሉ። ሊያን ይዘሽ ውረጂ።”

“እኛ ብቻ? ጎረቤቶቼስ?”

የፈራሁት ይኼንኑ ነው። ብናገርና ምንም ባይሆን ልጄን በመንደሩ ፊት አሳፍራታለሁ። ዝም ብል ደግሞ... ሳራ ተነስታ ሄደች። ወደ መንደሩ ሹም ነበር የሄደችው።

ሹሙን ፓክ ሉራህ ይሏቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሰዉን በአዳራሽ ሰበሰቡ። እኔ በአማርኛ ተናገርኩ፣ ሳራ በነሱ ቋንቋ አስተላለፈች። ስለ ስንጥቁ፣ ከውስጥ በሚንቀሳቀስ አፈር ስለደፈረሰው ምንጭ፣ ስላዘነበለው ቀርከሃ። አንዳንድ ቦታ እኔ ባጭሩ ያልኩትን እሷ ታረዝመው ነበር።

ምባህ ካርቶ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ምባህ እንደ እኛ “አባባ” ነው።

“መቼ ነው የሚናደው?”

“አላውቅም” አልኩ። “ነገ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ላይናድም ይችላል።”

“ድንቹ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል” አሉ፤ ንግግራቸው ለስላሳ ነው።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፈገግ አሉ፣ አመሰገኑኝ። ይህን አውቀዋለሁ። እኛም አገር ሰው “እሺ” ብሎ የማይመጣበት ጊዜ አለ። አንድም ሰው እንደማይነሳ ገባኝ።

የተነሱት ኢቡ ሱሚ ናቸው። ወደ ቤት ሄደው የሩዝ ድስታቸውን፣ ምንጣፋቸውንና ሁለት ፍየሎቻቸውን ይዘው በሰዉ መሐል አልፈው ወደ ትምህርት ቤቱ ወረዱ። ቀጥሎ ጎረቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ሌላ ሴት፣ ሕፃን አዝላ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩና ፍራሽ ሊሸከሙ ተነሱ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከስንጥቁ በታች ያሉት ቤቶች ባዶ ሆኑ።

ቅዳሜ

ምንም አልሆነም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ ምንም። ዛሬ ፀሐይ ወጣች፣ ምንም።

የትምህርት ቤቱ ክፍል ወለል ላይ ብዙ ቤተሰብ ተጨናንቋል። ልጆቹ ትምህርት የላቸውም። ሴቶቹ ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ፤ ሳልፍ ግን ወሬው ይቀንሳል። ጽጌ ሁለት ጊዜ ደውላ አላነሳሁም። ምን ልበላት?

ወንዶቹ ድንቹ ባይደርስም የተገኘውን ልንቆፍር እንወጣለን አሉ። አሪፍ መጥቶ “ልከለክላቸው አልችልም፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ” አለኝ። ፀሐይ መውጣቷ ማለት አፈሩ ደረቀ ማለት አይደለም፣ ውሃው ገና ወደ ታች እየሰረገ ነው ብዬ አስረዳሁት። ተከራክረን ተስማማን፤ የሚቆፍሩት ጠርዙን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ካስማዎቹን እያየ ይቀመጣል። በእጁ ኬንቶንጋን ይይዛል፤ ከግንድ የተፈለፈለ፣ ለአደጋ የሚመቱት ነገር ነው። ሲመታ ወደ ታች እንዳይሮጡ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ።

“ወደ ጎን” ብሎ አሪፍ ደገመልኝ።

እሑድ

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሊያን አቅፌ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኬንቶንጋኑን ሰማሁ፤ ቶሎ ቶሎ።

ቀና ስል ነፋስ ሳይኖር ቀርከሃው ሁሉ ይርገፈገፋል። ከዚያ የተጫኑ ከባድ መኪናዎች ተከታትለው የሚያልፉ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ተዳፋቱ ከነእርከኑ፣ ከነድንቹ፣ ተንሸራተተ። የሳራን ቤት ክዳን ለአፍታ እንደ ጀልባ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ክዳኑም የለም። ቡናማ ጭቃ ከመስጊዱ ግንብ ሥር ደርሶ ቆመ።

ሳራ አሪፍን እየተጣራች መሮጥ ስትጀምር፣ ሊያን በአንድ እጄ እንዳቀፍኩ፣ በሌላው ክንዷን ያዝኳት። ታገለችኝ። አለቀቅኳትም። ስንት ደቂቃ እንደነበር አላውቅም። በሸንተረሩ ላይ ሰዎች አንድ በአንድ ታዩ፤ በጭቃ ተለውሰው ሁሉም አንድ መልክ ነበራቸው። ኢቡ ሱሚ ልጃቸውን ከአረማመዱ ለዩት። “ያውና” የሚመስል ቃል ተናገሩና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ስም ሲጠራ ምባህ ካርቶ አልነበሩም። ላማቸውን ሊያበሉ ማንም ሳያያቸው ወጥተዋል። ከሰዓት በኋላ አገኟቸው።

ሰኞ

ምባህ ካርቶን ቀበርን። ሰዎች እጄን እየያዙ አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን የማስበው ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ባያቸው ኖሮ ነው። ሚስታቸው ሲመጡ የምገባበት ጠፋኝ። ሁለት እጄን ያዙ፤ ሳራ ተረጎመችልኝ።

“እሱ ሰምቶህ ነበር። ላሟን ግን ማን ያስረዳት።”

ለጽጌ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። 

“ለምን አልነገርከኝም?”

“እንዳትጨነቂ።”

“ስልክ ሳታነሳ ቀርተህ አልተጨነቅኩም መሰለህ?” አለቀሰች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች። “ቤታቸው የፈረሰባቸው ሴትዮ፣ የአሪፍ እናት፣ ስማቸው ማን ነው?”

ከሰርጉ ወዲህ ስለ እሳቸው ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። “ኢቡ ሱሚ” አልኳት። ደግማ አለችው፤ ለጸሎት እንደምትይዘው ገባኝ።

ማክሰኞ

ትኬቴ የዛሬ ነበር፤ አዘዋውሬዋለሁ። ፓክ ሉራህ ለድንኳን የሚሆን ቦታ እንድመርጥ ለመኑኝ። ከትምህርት ቤቱ በታች ያለውን ሜዳ እያየሁ ስሄድ ሰዉ ከኋላዬ ይከተላል። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ብዬ ስነሳ አንድ ጎልማሳ እግሬ አጠገብ ካስማ ተክሏል።

“ሳራ፣ ክሬን ነው ያሰርኩት በያቸው።”

ሲነገራቸው ሳቁ። ካስማውን ግን አልነቀሉትም። ከዚያ በኋላ መቆም ፈራሁ። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ ባለሙያዎች መሣሪያ ይዘው መምጣት አለባቸው አልኳቸው።

“ይመጣሉ” አሉ ፓክ ሉራህ። “እስከዚያ የት እንተኛ?”

ዶማ ጠየቅኩ። አሪፍ አመጣ፤ ተራ በተራ ቆፈርን፤ ጉድጓዱ ወገቤ ድረስ ሲደርስ አፈሩን በእጄ ፈተሽኩ። ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አላመነጨም። እንደገና ፈተሽኩ። የተራራውን ግርጌ በዓይኔ ለካሁ፤ ሩቅ ነው።

“ለድንኳን ይሆናል። ለቤት ግን ባለሙያዎቹን ጠብቁ።”

ሳራ ተናግራ ሳትጨርስ ኢቡ ሱሚ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሊያን መሐሉ ላይ አስቀመጧት። ሰዎቹ እንጨት ሊያመጡ ተበተኑ። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆምኩ፣ አፈሩን ከእጄ ሳላራግፍ፣ ወደ ተራራው ማየቴን አላቆምኩም።