ከሸክላ ሠሪዋ እጅ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ በሚቆመው የቅዳሜ ባዛር ጥግ ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ይቀመጣሉ። በቀሚሳቸው ላይ የወንድ ኮት ይደርባሉ፤ ጥፍራቸው ሥር የገባው ቀይ አፈር በሳሙናም አይለቅም። ገዢ ሲመጣ ድስቱን አንስተው በገዢው ጆሮ አጠገብ በጣታቸው መታ መታ ያደርጉለታል፤ ድምፁ ከጠራ ስንጥቅ የለውም። ከዚያ ግን እጅ በእጅ አያቀብሉም። መሬት ላይ ያስቀምጡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ኩራት መስሎኝ አንድ ቀን በብስጭት ጠየቅኳቸው።

«እኛ አገር፣ ተራራው ላይ፣ ከሸክላ ሠሪ እጅ የሚቀበል የለም። አስቀምጠን ዞር ስንል ነው የሚያነሡት። ለምዶብኝ ነው ልጄ» አሉኝ ቅር ሳይላቸው።

ይህን ሰምቼም ድስቴን ከመሬት አንስቼ ሄድኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ድስት ልገዛ ስመለስ አንዲት ነፍሰ ጡር ከፊቴ ቆማ ነበር። እሳቸው ድስቷን ሊያስቀምጡ ሲያጎነብሱ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ኧረ እማማ፣ በዚህ ሆዴ እንዴት ጎንበስ ልበል? በእጄ ይስጡኝ!»

ትንሽ አመነቱና ሰጧት። ጣታቸው ጣቷን ነካ።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። እንደለመድኩት ጎንበስ ስል ድስቱን ደረቴ ድረስ አመጡልኝ።