ለቶሌራ የተላከው ቃል

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ጥቃቅኑን ስዘረዝር ይህችን መልሼ እየዋጥኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ስለማታውቁኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜን ቶሌራን ዋሸሁት። የዋሸሁትም በአባታችን ስም ነው።

አቦ የምንለው አባታችን ኦቦ ደሬሳ፣ ወንጪ ላይ ሐይቁን ሊያዩ ለሚመጡ ሰዎች ፈረስ ያከራይ ነበር። በወጣትነቱ በትግል የሚፈራ ሰው ነበር አሉ። ሁለታችንንም ከፈረሶቹ በረት ጀርባ ባለው ሣር ላይ ወገብ አያያዙን፣ እግር መጥለፉን ያስተማረን እሱ ነው። እኔ አምቦ ወርጄ ቢሮ ስቀጠር ቶሌራ ከፈረሶቹ ጋር ቀረ። ያልተገራ ፈረስ ልጓሙን ይዞ የሚያቆም ልጅ ነበር። በጉልበትም በብልሃትም ይበልጠኛል። ያኔም አውቅ ነበር።

በቤታችን አንድ ሥርዓት አለ። አባት ቃል ሲልክ በታላቅ ልጁ አፍ ይልካል፤ ታናሹ ተቀብሎ ይፈጽማል እንጂ ተመልሶ እውነት እንዲህ ብለሃል ወይ ብሎ አባቱን አይጠይቅም። መጠየቅ ታላቅ ወንድምን አታላይ ብሎ መጥራት ነው። ስልክ ከመጣም በኋላ ያው ነው። ቶሌራ ሞባይል በኪሱ ይዞም ቢሆን ይህን ሥርዓት አይነካም።

በዚያ ዓመት በባህል ስፖርት ውድድር ለትግል ተመዘገብን፤ እኔ ለአምቦ፣ እሱ ለወንጪ። ያሸነፈ አካባቢውን ወክሎ ወደ ክልል ይሄዳል። ተጋጣሚዎቻችንን እየጣልን መጣንና ለመጨረሻው ግጥሚያ ወንድማማቾቹ ተገናኘን። አባቴ እግሩ አብጦ ከቤት አይወጣም ነበርና ይህን ሲሰማ አስጠራኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ቶሌራ አንተን አክብሮ እንዳይወድቅ እፈራለሁ" አለኝ። "አቦ ልኮኛል በለው። ፊትህ የቆመው ወንድምህም ቢሆን ታገለው፣ ከቻልክ ጣለው ብሏል በለው። አንተም ታግለህ ብትወድቅ አላፍርብህም።"

እሺ አቦ አልኩት። ወደ አምቦ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የማስበው ቃሉን ስለማድረስ ነበር? አይደለም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሊያዩኝ እንደሚመጡ ነበር የማስበው። ፈረስ የሚጎትት ታናሽ ወንድሜ ፊታቸው ሲያነጥፈኝ፣ በማግስቱም ቢሮ ስገባ እንዴት እንደሚስቁብኝ ነበር የማስበው። ምክንያቱ ይኸው ነው። የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር።

በግጥሚያው ቀን ቶሌራን አምቦ፣ የውድድሩ ሜዳ በር ላይ አገኘሁት።

"አቦ ልኮኛል" አልኩት። "ታላቅህን በሰው ፊት እንዳትጥለው፣ ውደቅለት ብሏል።"

ቀበቶውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። "አቦ ካለ እሺ፣ ጋሼ" አለኝ።

ገጠምን። አንዴ ወገቤን ይዞ ከመሬት አነሳኝ፤ አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ክንዱ ሲላላ ተሰማኝ። እስከ ዛሬም ይሰማኛል። ቀስ አድርጎ አወረደኝ፣ እግሩን ለእግሬ ሰጠኝ፣ ጀርባው መሬት ነካ። ትግል የሚያውቁት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ ጓደኞቼ ግን ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። እኔም እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ይህ እጅ እንዴት እሺ አለኝ?

ክልል ሄጄ ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ወደቅኩ። ቶሌራ ግን ወደ ወንጪ አልተመለሰም። አባታችን እኔን መርጦ እሱን በሰው ፊት ያዋረደው መስሎት፣ አዲስ ዓለም ከተማ ገብቶ መንገድ ዳር ጎማ መጠገን ጀመረ። አባቴ ደግሞ ልጁ ቃሉን ንቆ የወደቀ መስሎት ተቀየመ። ቶሌራ ሥርዓቱን ይዞ አልጠየቀም፤ አባቴም አንዴ የተናገረውን መድገም አልወደደም። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በየበዓሉ አባቴ ዘንድ እየሄድኩ፣ ባዶውን የቶሌራን መቀመጫ እያየሁ፣ በልቼ ጠጥቼ እመለስ ነበር።

ሊሞት ሲል አባቴ ሌላ ቃል ላከኝ።

"ለምን እንደወደቀ ጠይቅልኝ" አለ፤ ድምፁ አልቆ ነበር። "አልተቆጣሁም በለው። ልወቀው ብዬ ነው።"

አሁንም እሺ አልኩ። አሁንም አላደረስኩም።

ለቀብሩ ቶሌራ መጣ። ከሰው ኋላ ቆሞ አለቀሰ። ለቀስተኛው ሲበተን ቀረበኝና፣ መሬት መሬት እያየ፣ "አቦ ስለ እኔ ያለው ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ አባቱ ቃል በሕይወቱ የጠየቀው ያኔ ብቻ ነው።

"የለም" አልኩት።

የመጀመሪያውን የዋሸሁት ለኩራቴ ነው። ይህንንስ? ፈርቼ ነው እላለሁ። ግን ምን ፈራሁ? ያዘነ ሰው አጠገቤ ቆሟል፣ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር፣ ነፈግኩት። እኔ ነኝ የነፈግኩት።

ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማ አዲስ ዓለም ላይ ተነፈሰ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት የማዞር ሰው ነኝ። ሾፌሩ እያዘገመ ወስዶ ቶሌራ ደጃፍ አቆመው። ወንድሜ ከስቷል። ጎማውን ፈታ፣ ጠገነ፣ መልሶ አሰረ። ቀና ሲል አየኝ። እንደ ባዳ ያልፈኛል ብዬ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ "ደህና ነህ ወይ፣ ጋሼ?" አለኝ። የታላቅነቴን ክብር ዛሬም አላጓደለብኝም።

የአባቴ ጥያቄ አፌ ላይ ነበር። ረዳቱ ግቡ ግቡ ማለት ጀመረ።

"ደህና ነኝ" ብዬ ገባሁ።

እናንተን አልበደልኩምና ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ከበደልኳቸው አንዱ አፈር ውስጥ ነው። ሌላው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፤ አባቱ አንድም ጊዜ ስሙን ሳያነሳ የሞተ ይመስለዋል። ወደ አዲስ ዓለም የሚሄድ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ አለ። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ ብዬ ግን እናንተንም አልዋሽም።