ዘይነባን ያላወቅሁበት ዒድ

ጎረቤቴ የሺ ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኩታ ገባች። ልጇ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱን ከተመታ ስምንት ወሩ ነው። እግሩ ድኗል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። “ጋሼ፣ እርስዎም በወጣትነትዎ እንዲህ ሆነው ነበር አሉ። ልጄ ጓደኛ ይኖረው ይሆን?” አለችኝ። ሰው ሁሉ ስለ መድኃኒት ሲጠይቅ እሷ ዋናውን ነገር ጠየቀች። እኔ ግን ሻይ ላፍላልሽ ብዬ ተነሣሁ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ያኔ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ከኮሌጅ ስመለስ የጭነት መኪና ገጨኝ። ከሆስፒታል ስወጣ ማንበቡም ማስላቱም አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ የሰው ፊት ነው። ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አፉን አያለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እናቴን በድምጿ፣ አባቴን በፋብሪካ ቱታው ነበር የምለያቸው። የአገራችን ጠያቂ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠይቅም። ሙዙን ያስቀምጥና ጎንበስ ብሎ “ማን ነኝ? አወቅኸኝ?” ይላል። ፈተና እንጂ ጥየቃ አይደለም። በወደቅሁ ቁጥር እነሱም አፈሩ፣ እኔም አፈርሁ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ሙዙም አብሮ ቀረ።

ሲስተር ውባለም የሚባሉ ነርስ እንደኔ ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ወጣቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ይሰበስቡ ነበር። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ፤ ወሬ ብቻ። ዘይነባን እዚያ ተዋወቅኋት። አባቷ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ ሳንቃ ራሷ ላይ ወድቆባት ንግግሯ ዘግይቶ ነበር። ቃሉን ታውቀዋለች፣ እስኪመጣላት ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ከጊዜ በቀር ምን ነበረኝ? የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ታመጣለች፤ አንድ ወሬ ሳትጨርስ ዓሣው ያልቃል። ያን ጊዜ ሁለታችንም እንስቃለን። ከአደጋው ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ወደድኋት።

የምለያት ግን በአረንጓዴ ሻሿ ነበር። ይህን አልነገርኋትም።

“ንገራት እንጂ፣ አንተ ልጅ! እሷ መናገር እንደሚቸግራት አልደበቀችህ፤ አንተ ምን ያሳፍርሃል?” ይሉኝ ነበር ሲስተር።

“እነግራታለሁ” እላለሁ። የወደዷትን ልጅ ፊትሽን አላውቀውም ማለት እንዲህ ቀላል መስሏቸው ነው።

የዒድ ዕለት፣ ከሰላት በኋላ፣ ዋርካው ሥር ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ቀድሜ ደረስሁ። ሐይቁ በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሶ፣ ዳርቻው ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። አንዲት ነጭ በነጭ የለበሰች፣ እጇን ሂና የተቀባች ልጅ መጥታ ፊቴ ቆመች። ፈገግ አለች እንጂ አልተናገረችም። እኔ በትከሻዋ አሻግሬ አረንጓዴ ሻሽ እፈልጋለሁ። አልሄድ ስትለኝ ጊዜ፣ ጨዋ ልሁን ብዬ፣

“እኅቴ፣ ዘይነባ የምትባል ልጅ አላየሽም?” አልኋት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እኔም ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ “እ... እኔ...” የሚል ሰማሁ። ዘወር ስል እየሮጠች ከሰላት ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር ተቀላቅላለች። ሁሉም ነጭ ለብሷል። “ዘይነባ!” ብዬ ጮኽሁ። ብዙ ሴቶች ዞረው አዩኝ። ከመካከላቸው የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም።

በማግሥቱ ሲስተር ሊያስረዷት ቤቷ ቢሄዱ፣ ይፋግ ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች አሏቸው። ልከተላት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄድሁና ተመለስሁ። ማንን ብዬ እፈልጋለሁ አልሁ ለራሴ። ሰበብ ነው፤ ሰው ጠይቆ ማግኘት ይቻል ነበር። ፈራሁ።

ለየሺ ሻዩን እየቀዳሁ፣ “ያለበትን ነገር ለሚወደው ሰው ቶሎ ይንገር” አልኋት። ሌላ የማውቀው ምክር የለኝም።

ፊት ዛሬም አይያዝልኝም። መንገድ ላይ ሴት ሰላም ስትለኝ፣ ቃሏ ይዘገይ እንደሆነ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ። ንግግሯ እንዲድንላት ስጸልይ ኖሬያለሁ። ድኖላት ከሆነ ግን፣ ስንት ጊዜ ሰላም ብላኝ አልፋ ይሆን?